ገጹ ለየብቻ፣ መዝገቡ አንድ ይሁን

በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ በመተከል ዞን ካለችው ከፓዌ ወደ ክልሉ ዋና ከተማ ወደ አሶሳ የሚሄድ ባለጉዳይ ዓባይን መሻገር አለበት። መተከል ከወንዙ ወዲህ፣ አሶሳና ካማሺ ከወንዙ ወዲያ ናቸው። መንገዱ ሩቅ፣ ወጪውም ከባድ ስለሆነ ሰው ራሱ ከሚሄድ ማመልከቻውን ቢልክ ይመርጣል። ማመልከቻው በአንዱ የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ሱቅ በኮምፒውተር ይተየባል፤ በቴሌግራም ወደ ባለጉዳዩ ስልክ ይላካል፤ እሱም ለዘመዱ ወይም ለሚያውቀው የቢሮ ሠራተኛ ያስተላልፈዋል። ተቀባዩ በስልኩ ሲከፍተው ጣጣው ይጀምራል። ሱቁ ውስጥ ቀጥ ብሎ የተሰለፈው ሠንጠረዥ ተበታትኗል፤ የፊርማው መስመር ብቻውን ሁለተኛ ገጽ ላይ ወርዷል። ደብዳቤው በአሮጌ የፊደል ፕሮግራም የተጻፈ ከሆነማ አማርኛነቱም ቀርቶ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ሆኗል። ልምድ ያላቸው ጸሐፊዎች ይህን ስለሚያውቁ ሳይጠየቁ «ፒዲኤፍ ላድርግልዎት?» ይላሉ።

ይህ የአንድ ሱቅ ወይም የአንድ ወረዳ ጣጣ አይደለም። ስልክና ኮምፒውተር ለየራሳቸው ባደጉበት ሁሉ ያለ ነው። ታላላቆቹ የሶፍትዌር ኩባንያዎች መፍትሔ ብለው ደጋግመው የሞከሩት ሐሳብ አለ፦ ሁለቱን በአንድ ኦፐሬቲንግ ሲስተምና በአንድ መልክ ማዋሃድ። ሲሰሙት ደስ ይላል። አንዱን የለመደ ሰው ሌላውንም ቻለ፣ አንዴ የጻፈ ፕሮግራመርም ለሁለቱ ጻፈ ማለት ነው። ስሕተቱ የሚመጣው የሚዋሃደው ነገር ሲመረጥ ነው። መዋሃድ ያለበት ከስክሪኑ በስተጀርባ ያለው ነው፦ ፊደሉ፣ የቀን አቆጣጠሩ፣ የተጠቃሚው አካውንትና መዝገቡ። ስክሪኑ ላይ የሚታየው ገጽ እንደ መሣሪያውና እንደ ሥራው ቢለያይ ማንንም አይጎዳም፤ እንዲያውም ይጠቅማል።

ማይክሮሶፍት ይህን ገልብጦ ሠርቶት የከፈለው ዋጋ በአደባባይ ተመዝግቧል። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2012 ዊንዶውስ 8ን ሲያወጣ ለጣት የተሠራ የታብሌት መልክ በጠረጴዛ ኮምፒውተር ላይ ጫነ። ኮምፒውተሩ ሲከፈት ስክሪኑን ሙሉ የሚሸፍኑ ባለቀለም ሰቆች ይመጣሉ። ከዊንዶውስ 95 ጀምሮ በግራ ታች ጥግ የኖረው የስታርት ቁልፍ ጠፋ። በጣት ከዳር ወደ መሐል መጥረግ ቀላል ነው፤ ማውዝ ለያዘ ሰው ግን ጠቋሚውን ወደየማዕዘኑ እየወሰዱ የማይታይ ነገር መፈለግ ሆነበት። ዘመኑን ሙሉ በኮምፒውተር የሠራ ሰው «ይሄ ነገር የሚጠፋው በየት በኩል ነው?» ብሎ እስከ መጠየቅ ደረሰ። ኩባንያው በዓመቱ በ8.1 ቁልፉን መለሰ፤ በ2015 በወጣው ዊንዶውስ 10 ደግሞ የስታርት ማውጫውን መለሰ።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙ ሰው የማያነሣው ክፍል ሰርፌስ አርቲ የተባለው ታብሌት ነው። ሲያዩት ዊንዶውስ ነው፤ ሰቆቹም ያው ናቸው። ነገር ግን ሰው በኮምፒውተሩ ላይ የለመዳቸውን የዊንዶውስ ፕሮግራሞች መጫን አይቻልበትም ነበር፤ በውስጡ ያለው ቺፕ ሌላ ዓይነት ነውና። ማይክሮሶፍት ፊቱን አንድ አድርጎ ሆዱን ለያየው። በ2013 በዚሁ ታብሌት ምክንያት የ900 ሚሊዮን ዶላር ኪሳራ በሒሳብ መዝገቡ አስፍሯል።

ሌሎቹም ሞክረዋል። የኡቡንቱ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ባለቤት ካኖኒካል በ2013 ስልክም ኮምፒውተርም የሚሆን ኡቡንቱ ኤጅ የሚባል መሣሪያ ለመሥራት 32 ሚሊዮን ዶላር ከሕዝብ ለማሰባሰብ ተነሥቶ የግማሹን ያህል እንኳ ሳያገኝ ቀረ። መሥራቹ ማርክ ሻትልወርዝ በኤፕሪል 2017 የውሕደቱን ሥራ ማቆሙን አስታወቀ። አፕል በበኩሉ ከመጀመሪያውም አልፈለገም። ዋና ሥራ አስኪያጁ ቲም ኩክ በ2012 ታብሌትንና ላፕቶፕን ማዋሃድ ዳቦ መጥበሻንና ማቀዝቀዣን አንድ ዕቃ እንደ ማድረግ ነው ብሎ ተሳልቆ ነበር። (ሁለቱንም ዕቃ ለየብቻ የሚሸጥ ነጋዴ እንዲህ ቢል አይገርምም።) ሆኖም አፕል ከ2020 ጀምሮ ኮምፒውተሮቹን ከአይፎኑ ጋር በአንድ ቤተሰብ ቺፕ ሠርቷቸዋል፤ ብዙ የስልክ መተግበሪያዎችም በኮምፒውተሩ ላይ ይከፈታሉ። የኮምፒውተሩ ገጽ ግን የኮምፒውተር እንደሆነ ቀርቷል። አሁን ተራው የጉግል ነው። ለላፕቶፕ የሠራውን ክሮም ኦኤስን ከአንድሮይድ ጋር በአንድ መሠረት ላይ እንደሚያጣምር በ2025 አሳውቋል።

የውሕደት ደጋፊዎች ጠንካራ መከራከሪያ ከካሊፎርኒያ ይልቅ ፓዌ ላይ ያስኬዳል። ካሊፎርኒያ ያለ ሰው ስልክም፣ ታብሌትም፣ ላፕቶፕም አለው፤ ቢዋሃዱለት የሚቀርለት አንድ ቻርጀር መያዝ ነው። እዚህ ግን ብዙ ሰው ያለው ኮምፒውተር ስልኩ ብቻ ነው። ብር ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚገባ ላፕቶፕ ከደመወዝተኛ አቅም ይበልጥ ርቋል። በርቀት ትምህርት ዲግሪውን የሚማር መምህር አሳይመንቱን በአውራ ጣቱ ይጽፋል። ያ ስልክ ከስክሪንና ከኪቦርድ ጋር ተያይዞ ኮምፒውተር ቢሆንለት የሁለት ዕቃ ዋጋ በአንድ ቀረለት ማለት ነው። ሳምሰንግ ዴክስ በሚል ስም እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በጋላክሲ ኤስ ስልኮቹ ላይ ይህንኑ አድርጓል፤ ይሠራልም።

ችግሩ ዴክስ ያለው በውዶቹ ስልኮች ላይ መሆኑ ነው። በየገበያው የሚበዙት ርካሾቹ ቴክኖና አይቴል ከስክሪን ጋር በገመድ ለመያያዝ አልተሠሩም። ቢያያዙም ስክሪኑ መብራት ይፈልጋል፤ መብራት ሲጠፋ ባትሪ ያለው ስልኩ ብቻ ነው። ስለዚህ የጉግል ውሕደት ወደ ርካሽ ስልኮች እስኪወርድ ድረስ ለፓዌው መምህር የሚጠቅመው ስልኩ ኮምፒውተር መምሰሉ አይደለም። በስልኩ የጀመረው ጽሑፍ በሱቁ ኮምፒውተር ላይ ሳይበላሽ መከፈቱ፣ እዚያ የታረመውም ወደ ስልኩ ሳይበላሽ መመለሱ ነው።

ገጹ ለየብቻ፣ መዝገቡ አንድ መሆን እንዳለበት ከሁሉ የተሻለው ማሳያ ያለው በጤና ኬላ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች የየቤተሰቡን መረጃ በወረቀት ማኅደር ሲይዙ ቆይተው፣ ጤና ሚኒስቴር ማኅደሩን ወደ ታብሌት መተግበሪያ መለወጥ ጀመረ። መተግበሪያው ያለ ኔትወርክ ይሠራል፤ ኔትወርክ ሲገኝ የያዘውን ይልካል። ባለሙያዋ በፀሐይ እየዞረች፣ አንዳንዴም ቆማ ነው የምትሞላው። ጥያቄው አንድ በአንድ ይመጣል፦ እናትየው ስንት ወሯ ነው? አጎበር አለ? ልጁ ትኩሳት አለው? እንደ ፓዌው የበለስ ሸለቆ ባለ የወባ አገር የመጨረሻው ጥያቄ ወረፋ አይጠብቅም፤ መልሱ አዎ ከሆነ ቀጥሎ የሚመጣው የደም ምርመራ ነው።

ከዚያ በላይ፣ በጤና ጣቢያውና በወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት፣ ዲኤችአይኤስ 2 የሚባለው የሪፖርት ሥርዓት በኮምፒውተር ላይ ተከፍቶ ይገኛል። የዚህኛው ገጽ ሰፊ ሠንጠረዥ ነው፦ ወደ ታች በሽታው፣ ወደ ጎን ዕድሜና ፆታ። መረጃ የሚያስገባው ሠራተኛ ቁጥር መትቶ በአንድ ቁልፍ ወደሚቀጥለው ሳጥን ያልፋል፤ ዐይኑ ወረቀቱ ላይ፣ ጣቱ ኪቦርዱ ላይ ነው።

እነዚህን ሁለት ገጾች አንድ እናድርግ የሚል ሰው ከሁለቱ አንዱን ሠራተኛ መቅጣቱ አይቀርም። ሠንጠረዡ ወደ ታብሌቱ ቢወርድ ባለሙያዋ በጠራራ ፀሐይ የጤፍ ፍሬ የሚያክል ሳጥን በጣቷ ልትነካ ነው። አንድ በአንድ የሚመጣው ጥያቄ ወደ ኮምፒውተሩ ቢወጣ ደግሞ የብዙ ጤና ኬላዎችን ሪፖርት የሚያስገባው ሠራተኛ መቶ ጊዜ «ቀጥል» ሲጫን ይመሻል። የሰዎቹ ሥራ ስለተለያየ ገጻቸው ተለያየ፤ ስሕተት አይደለም። ጉዳት የሚመጣው በታብሌቱ የተመዘገበችው እናት ኮምፒውተሩ ላይ በሌላ ቁጥር ስትታወቅ፣ ወይም በታብሌቱ ያለው ቁጥር በወረቀት ተገልብጦ እንደገና በእጅ ሲገባ ነው። የኮምፒውተሩና የታብሌቱ ሥርዓቶች እንዲነጋገሩ የሚደረገው ሥራ ከማንኛውም የገጽ ውሕደት የበለጠ ገንዘብና ትዕግሥት ይገባዋል።

ቀኑም አለ። ኢትዮጵያ ውስጥ በስልክና በኮምፒውተር መካከል እንደ ቀን የሚጠፋ ነገር የለም። ሐምሌ 3 ቀን 2017 ዓ.ም. የተወለደ ሕፃን በፈረንጆቹ ጁላይ 10 ቀን 2025 የተወለደ ነው። ዲኤችአይኤስ 2 የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር ያውቃል፤ ከሱቅ የተገዛው ስልክ ግን ከፋብሪካው የወጣው የፈረንጁን ቀን ይዞ ነው። አንዱ ሶፍትዌር ‹2017› ብሎ የጻፈውን ሌላው እንደ ፈረንጅ ዓመት ካነበበው አራሱ ልጅ የስምንት ዓመት ልጅ ይሆናል፤ በስድስተኛ ሳምንቱ መከተብ ያለበት ሕፃንም ከክትባት ዝርዝር ይወጣል። ጳጉሜን የምትባል ወር መኖሯን የማያውቅ ፕሮግራም ደግሞ በዓመት አንድ ጊዜ የራሱን ጉድ ያመጣል። ይህን ጉድ የገጽ ማማር አያድነውም። የሚያድነው ቀኑ በመዝገቡ ውስጥ በአንድ ዓይነት መንገድ ተቀምጦ ለየሰው በሚገባው አቆጣጠር መታየቱ ነው።

ስለ ፊደልም ያው ነው። በ1980ዎቹ ዓ.ም. የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች ሲበዙ እያንዳንዱ ሠሪ የግዕዝን ፊደል በራሱ ቁጥር ነበር የሚያስቀምጠው። የአንዱ ‹ሀ› ለሌላው የላቲን ፊደል ነበር፤ ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ደብዳቤውን ማንበብ አይችልም። ይህ የተፈታው በገጽ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1999 የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ 3.0 ገብቶ ለእያንዳንዱ ፊደል ዓለም ሁሉ የሚያውቀው አንድ ቁጥር ሲሰጠው ነው። ዛሬ በፓዌ ስልክ የተጻፈ አማርኛ በአዲስ አበባ ኮምፒውተር፣ በዋሽንግተን ታብሌት የሚነበበው በዚህ ምክንያት ነው። የኪቦርዶቹ አሠራር ግን እስከ ዛሬ አንድ አልሆነም። ስልኩ ላይ ፊደሉን ነክቶ ከዘሮቹ መምረጥ አለ፤ ኮምፒውተሩ ላይ በላቲን ድምፅ እየመቱ መጻፍ አለ። በዚህ ምክንያት ደብዳቤ የተበላሸበት የለም።

ለመተከል ሰው ይህ ታሪክ አንድ ተጨማሪ ምዕራፍ አለው። ለጉሙዝ ቋንቋ ድምፆች የሚያስፈልጉ የግዕዝ ቅርጾች እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኒኮድ 6.0 በተጨማሪ ክፍል ውስጥ ተካትተዋል። ቁጥሩ አለ፤ ግን ይህን ክፍል የማያውቅ ፎንት ያለው መሣሪያ በፊደሉ ቦታ ባዶ ሳጥን ያሳያል። በኮምፒውተር የተዘጋጀ የጉሙዝኛ ጽሑፍ በወላጁ ስልክ ላይ ሳጥን ሆኖ ከታየ፣ የስልኩና የኮምፒውተሩ ምልክቶች መመሳሰል ምን ይረባዋል?

ስለ አንድ ወጥ ዕቅድ ፓዌ ራሷ የምትናገረው አላት። ከ1977 ዓ.ም. ድርቅ በኋላ ከወሎ፣ ከከምባታና ከሐዲያ፣ ከሌላም አካባቢ ከ80 ሺህ የማያንሱ ሰዎች ወደዚህ ሸለቆ ሲሰፍሩ፣ መንደሮቹ በቁጥር የሚጠሩ፣ እርሻውም በጋራና በትራክተር የሚታረስ ነበር። የጣሊያን መንግሥት ገንዘብ ያወጣበት የጣና በለስ ፕሮጀክት ሆስፒታል፣ መንገድና የአውሮፕላን ማረፊያ ሠርቷል፤ ሆስፒታሉ እስከ አሁን ያገለግላል። የጤፍ ገበሬውንና የእንሰት ገበሬውን በአንድ አሠራር ያሰለፈው የትራክተር እርሻ ግን ፕሮጀክቱ ሲቆም አብሮት ቆመ። ሆስፒታሉን ለማንም ክፍት መሆኑ አቆየው፤ እርሻውን ያወጣው ሰው ግን ገበሬው ማን እንደሆነ አልጠየቀም። ይህን ከሶፍትዌር ጋር ማነጻጸር ለአንዳንዱ የተጎተተ ሊመስለው ይችላል። ሆኖም ሩቅ ያለ ዐቃጅ «ተጠቃሚ» የሚለውን አንድ ሰው አድርጎ ሲያስብ የሚሆነው ያው ነው።

በአገር ውስጥ መልካም ምሳሌ የለም ማለትም አይደለም፤ አለ። ኢትዮ ቴሌኮም ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ቴሌብርን ሲጀምር ገንዘቡን በሁለት በር አስገባው። ዘመናዊ ስልክ ያለው በመተግበሪያው ይከፍላል፤ ባለ ቁልፍ ስልክ የያዘች የገበያ ሴት ደግሞ *127# ደውላ ከቁጥር ዝርዝር ትመርጣለች። ሁለቱ ገጾች ምንም አይመሳሰሉም፤ ሒሳቡ ግን አንድ ነው፤ በአንዱ የወጣው ብር በሌላው ላይ ተቀንሶ ይታያል። የ12ኛ ክፍል ውጤትም እንዲሁ በድረ ገጽ፣ በ6284 አጭር መልእክትና በቴሌግራም ቦት ይታያል፤ ያው ውጤት ነው። ግብርና ውስጥ በ2006 ዓ.ም. የተጀመረው 8028 ስክሪን እንኳ አይፈልግም፤ ገበሬው ደውሎ የእርሻ ምክሩን በድምፅ ይሰማል። የፓዌ ግብርና ምርምር ማዕከል በአኩሪ አተር ዘር ላይ የሚያገኘው ዕውቀት ማሳ ላይ ላለ ገበሬ በድምፅ፣ ለወረዳው ባለሙያ በሠንጠረዥ ቢደርስ ሁለቱም በሚገባቸው መንገድ ደረሳቸው። ቴሌግራምም በዚህ አገር የሰው ሁሉ ፍላሽ ለመሆን የበቃው የስልኩና የኮምፒውተሩ መተግበሪያ ስለሚመሳሰል አይደለም፤ ፋይሉ በአንድ አካውንት ሥር ሆኖ ከሁለቱም ስለሚገኝ ነው።

ለፕሮግራመሮች ወጪ ደንታ የለሽ መሆን ደግሞ አይገባም። አዲስ አበባ ያለ ትንሽ ድርጅት ለአንድሮይድ፣ ለአይፎንና ለኮምፒውተር ሦስት ቡድን ሊቀጥር አይችልም። ጉግል እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ያቀረበው ፍላተር የመሰለ መሣሪያ በአንድ ኮድ ለሁሉም እንዲጻፍ ያደርጋል፤ ያስመሰግነዋል። ኮዱ አንድ መሆኑ ግን የስልኩን ጠባብ ገጽ በኮምፒውተር ስክሪን ላይ ለጥጦ ለማቅረብ ሰበብ መሆን የለበትም። አንዴ በመጻፉ ጊዜ የተረፈለት ፕሮግራመር የተረፈውን ለየመሣሪያው የሚሆን አቀማመጥ ለማበጀት ቢያውለው ሒሳቡ ይገጥማል።

በዚህ ክርክር የሚረሱት ተማሪዎች ናቸው። በ2016 ዓ.ም. የተወሰኑ የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ለመጀመሪያ ጊዜ ብሔራዊ ፈተናውን በኮምፒውተር ወስደዋል፤ አሠራሩም እየሰፋ ነው። ከስልክ በቀር ስክሪን ነክቶ የማያውቅ ልጅ ማውዝ ላይ እጁን ሲያሳርፍ የሚፈተነው በሁለት ትምህርት ነው፦ በፊዚክስና በማውዝ። የገጽ ውሕደት ደጋፊ «ይኸው፣ አንድ ቢሆኑ ይህ አይደርስም ነበር» ይል ይሆናል። እውነት አለው፤ ስልክ የለመደ ልጅ ስልክ የሚመስል ፈተና ቢሰጠው ቀኑን ይገላገላል። በማግስቱ ግን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የመመረቂያ ጽሑፍ መጻፍ፣ ሠንጠረዥ መሥራት፣ የምርምር ቁጥር መተንተን ይጠብቀዋል፤ ይህ ሁሉ በአውራ ጣት አይሆንም። ስለዚህ መልሱ ኮምፒውተሩን ወደ ስልክ ማውረድ ሳይሆን ልጁ ከፈተናው በፊት፣ በዘጠነኛና በአሥረኛ ክፍል ሳለ፣ ኪቦርድና ማውዝ እንዲነካ ማድረግ ነው።

ይህ ሁሉ ወደ ተግባር ሲመጣ ኃላፊነቱ ሥርዓት በሚገዙና በሚያሠሩ ቢሮዎች ላይ ነው። ውል ከመፈራረማቸው በፊት በአንድ ርካሽ አንድሮይድ ስልክና በአንድ አሮጌ ኮምፒውተር ሊፈትሹት ይችላሉ። ስልኩ ላይ ግማሽ የተሞላው ቅጽ ኮምፒውተሩ ላይ ተከፍቶ ይቀጥላል ወይ? ኔትወርክ ተቋርጦ ሲመለስ የገባው መረጃ አለ ወይ? በኢትዮጵያ አቆጣጠር የገባው የልደት ቀን በሁለቱም ላይ ያው ቀን ነው? ኮምፒውተር የሌለው ሰው ጉዳዩን እስከ መጨረሻው በስልኩ መጨረስ ይችላል ወይስ መሐል ላይ «በኮምፒውተር ይክፈቱ» ይባላል? ባለ ቁልፍ ስልክ ለያዘው በአጭር ቁጥር የሚገባበት በር ተትቶለታል? ከአቅራቢው ጋር ስለ ቀለምና ስለ ምልክት ከመነጋገር በፊት ለእነዚህ የጽሑፍ መልስ መቀበል ይቻላል፤ ፍተሻውም ከግማሽ ቀን አያልፍም።